ባቡር ያልመጣበትን ሐዲድ የጠበቁት የአቶ አበባው ዘውዱ የሕይወት ታሪክ

አቶ አበባው ዘውዱ ከአባታቸው ከአቶ ዘውዱ አለሙና ከእናታቸው ከወይዘሮ ደብሬ አስፋው፣ በቀድሞው የወሎ ጠቅላይ ግዛት፣ በሀብሩ ወረዳ፣ ከመርሳ ወጣ ብላ በምትገኘው በጎሽ ሜዳ መንደር ኅዳር 12 ቀን 1957 ዓ.ም. ተወለዱ። በዚያ ዘመን በጎሽ ሜዳ የልጅን ልደት በቀን የሚመዘግብ ቤት አልነበረም። የእርሳቸው ቀን የታወቀው እናታቸው የኅዳር ሚካኤልን ማኅበር ሊያወጡ ጠላውን ጠምቀው፣ ማኅበርተኛው ደጅ ደርሶ ሳለ ምጥ ስለያዛቸው ነው። ማኅበርተኛውም ጠላውን ጠጥቶ፣ ልጁን መርቆ ሄደ።

የሕይወት ታሪክ እንደ ደንቡ ከልደት ተነሥቶ በዓመተ ምሕረት እየተቆጠረ ይወርዳል። ይኸኛውም እንደዚያው ይወርዳል። ነገር ግን አሁን የተቀመጣችሁበት ዳስ ለልቅሶ የተጣለ ዳስ አይደለም። የአቶ አበባው ትንሿ ልጅ ዮርዳኖስ ባለፈው እሑድ፣ ጥር 17 ቀን፣ ልትዳርበት የተጣለ ነው። ይህ ጽሑፍ የሚነበብበት ድምፅ ማጉያም ለሙሽራዋ የመጣ ነው። ከቅዳሜ ወዲህ በዚህ ቤት ያለ ሰው ሁሉ የሚናገረውን አያውቅም፤ የሚቀመጥበትን አያውቅም። የተዘጋጀውን ድግስ ለቀስተኛ በላው።

በድንጋጤው ላይ ደግሞ ወሬ ተጨመረበት። ለአቶ አበባው ሞት ምክንያቷ ጎረቤታቸው ወይዘሮ ሀስና ናት የሚል ወሬ ከጎሽ ሜዳ ተነሥቶ መርሳ ገበያ ደርሷል፤ ውርጌሳም ገብቷል ይባላል። ወይዘሮ ሀስና ከዚህ ዳስ ስልሳ እርምጃ ከማይርቀው ቤታቸው ገብተው በራቸውን ከዘጉ ዛሬ ሦስተኛ ቀናቸው ነው። ስለዚህ ይህን ታሪክ የጻፈችው የበኩር ልጃቸው ሶስና የአባቷን ዕድሜ ከመተረክ ጋር ሌላም ሥራ አለባት፤ ድንጋዮቹን ማን እንዳነሣቸው መጻፍ። የትኞቹ ድንጋዮች እንደሆኑ የማያውቅ የሩቅ እንግዳ ካለ ጥቂት ይታገሥ፤ እንደርሳለን።

አቶ አበባው ዕድሜያቸው ለትምህርት ሲደርስ በሚካኤል ቤተ ክርስቲያን ከየኔታ ዘንድ ፊደል ቆጥረው ዳዊት ደገሙ። ቀጥሎም መርሳ ከተማ እየተመላለሱ እስከ ስምንተኛ ክፍል ተማሩ። በ1977 ዓ.ም. ድርቅ አባታቸውንና ሁለት እህቶቻቸውን አጡ። ስለዚያ ዓመት ለልጆቻቸው አውርተው አያውቁም። ሶስና አንድ ጊዜ ደፍራ ብትጠይቃቸው «ማሽላው አልያዘም» ብለው ከተቀመጡበት ተነሡ። 

በ1982 ዓ.ም. ሲሪንቃ በሚገኘው የግብርና ምርምር ማዕከል በቀን ሠራተኛነት ገቡ፤ በኋላም በቋሚነት ተቀጠሩ። ሥራቸው በሙከራ ማሳው ላይ የማሽላውን ዘለላ በወረቀት ከረጢት እየሸፈኑ ማሰር፣ ወፍ መጠበቅና የዘሩን መጋዘን መቆለፍ ነበር። የጎሽ ሜዳ ሰው «ለማሽላ ኮፍያ የሚያለብሰው» እያለ ይቀልድባቸው ነበር። እርሳቸውም «ማሽላዬ ካንተ ይሻላል፤ ኮፍያውን አያወልቅም» ይሉ ነበር።

በጥር ወር 1985 ዓ.ም. ከወይዘሮ ወርቅነሽ ተፈራ ጋር በሥርዓተ ተክሊል ጋብቻቸውን ፈጸሙ። ሶስናን፣ ሮቤልንና ዮርዳኖስን ወለዱ። በዚያ ሠርግ፣ ከዚያም በኋላ በቤታቸው በተደረገው ክርስትናና ድግስ ሁሉ፣ የሙስሊም እንግዶችን ምድጃ የያዙት ወይዘሮ ሀስና ናቸው። የእኛ አገር ሥርዓት የታወቀ ነው፤ ክርስቲያኑ ሲደግስ ለሙስሊሙ ጎረቤቱ ለብቻው ሰንጋ ያቀርባል፣ ሙስሊሙ በራሱ እጅ ያርዳል፣ በራሱ ድስት፣ በራሱ ጉልቻ ይሠራል። የወይዘሮ ሀስና ባለቤት አቶ አብዱልሐሊም ያርዳሉ፤ እርሳቸው ይሠራሉ። አቶ አብዱልሐሊምና አቶ አበባው የአንድ ቅሬ፣ የአንድ እድር አባላት ናቸው፤ የአንዱን መቃብር ሌላው ሳይቆፍርለት እንደማይቀር ተማምለው የኖሩ ሰዎች ናቸው።

በ1996 ዓ.ም. አንድ የጃፓን አገር ባለሙያ ለማሽላ ሥራ ወደ ሲሪንቃ መጡ። ስማቸው ኦኩዳ ነው። ምሳቸውን ከአቶ አበባው ጋር ከዋንዛው ሥር ይበሉ ነበር። አንዱ የስምንተኛ ክፍል እንግሊዝኛ አለው፤ ሌላው የሦስት ወር አማርኛ አለው፤ የተረፈውን በእጅ ያወሩታል። እንዲህ እያወሩ አቶ አበባው የአንዲት የጃፓን ገጠር የባቡር መስመር ታሪክ ከነዝርዝሩ በቃላቸው ያዙ። የሀብሩን ታሪክ እንኳ እንደዚያ አያውቁትም ነበር።

የኦኩዳ አባት በሁለት ተራራ መካከል፣ በሩዝ ማሳ ዳር የምታልፍ የአንዲት ትንሽ ባቡር ጣቢያ ኃላፊ ነበሩ። ሐዲዱ የተዘረጋው የመንደሩ ሰው መሬቱን ሰጥቶ፣ አፈሩን በቅርጫት ተሸክሞ ነው። ባቡሩ መጀመሪያ ግንድና ከሰል ጫነ። ቀጥሎ ሩዝ፣ ቀጥሎ ተማሪ። በጦርነት ጊዜ ለብረቱ ሲባል ሐዲዱ ተነቅሎ ተወሰደ፤ ጦርነቱ ሲያበቃ መንደርተኛው መልሶ አዘረጋው። ከዚያ አስፋልት መጣ፣ መኪና መጣ፣ ወጣቱ ከተማ ገባ። በመጨረሻ ባለ አንድ ፉርጎ ባቡር በቀን ሁለት ጊዜ ሦስት አሮጊቶችን ይዞ ይመላለስ ጀመር፤ ከዚያም ተዘጋ። በመዝጊያው ቀን አገሩ ሁሉ ነቅሎ ወጥቶ ተሳፈረ፤ ሲያለቅስም ዋለ። አቶ አበባው እዚህ ላይ ሲደርሱ ሁልጊዜ ይናደዱ ነበር። «አይ ሰው! ያን ዕለት ያለቀሰው ሁሉ በየሳምንቱ አንድ ቀን ቢሳፈር ይዘጋ ነበር?» ይላሉ። ቀጥለው ደግሞ «እነሱ ባቡር ኖሯቸው ሰው አጡ፤ እኛ ሰው ሞልቶን ባቡር አጣን» ይሉ ነበር።

ከኦኩዳ የወሰዱት ግን ታሪኩን ብቻ አልነበረም። የጃፓን ባቡር ሠራተኛ ዓይኑን ብቻ አያምንም። የሚያየውን ነገር በጣቱ ያመለክታል፣ ስሙን ጮክ ብሎ ይጠራል፣ ካገኘው «ደህና» ይላል። ዓይን ይለምዳልና፣ የለመደ ዓይን ደግሞ ያላየውን አየሁ ይላልና ነው። አቶ አበባው ይህን ነገር ከሰሙበት ቀን ጀምሮ ያለ ጣት አልኖሩም። መጋዘኑን ሲዘጉ «በር፣ ተቆልፏል! ቁልፍ፣ ኪስ ገብቷል!» ቤት ሲገቡም «ዶሮዎች፣ ገብተዋል! እሳት፣ ተዳፍኗል!» አንድ ጊዜም እንዲሁ ቤቱን ሲያስሱ ጣታቸውን ወደ ባለቤታቸው ቀስረው «ወርቅነሽ፣ አለች!» አሉ። ወይዘሮ ወርቅነሽም «ኧረ እሰይ! አሥራ አንድ ዓመት ቆይቶ ዛሬ አየኝ!» ብለው ጎረቤቱን አሳቁ።

በ2008 ዓ.ም. ባቡር በዚህ ያልፋል ተብሎ ችካል ሲተከል፣ ችካሉ በአቶ አበባው ማሳ መካከል አለፈ። ሌላው ሰው መሬቴ ሲል እርሳቸው ሐዲዱ መቼ ይመጣል ይሉ ነበር። በ2009 ዓ.ም. ሃያ ሰባት ዓመት የሠሩበትን ቋሚ ሥራ ለቀው የሐዲድ ጠባቂ ሆነው ተቀጠሩ። ዘመድ ሁሉ ደነገጠ። እናታቸው ወይዘሮ ደብሬ፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ ልጄን ዛር ያዘው ብለው ጠበል ሊወስዷቸው ነበር።

ሐዲዱ በጎሽ ሜዳ ተዘረጋ። ከዚያ ሥራው ቆመ። ለምን እንደቆመ እዚህ የሚጻፍ አይደለም። በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ በዚህ ሲያልፍ አቶ አበባው ቤተሰባቸውን ወደ ደሴ ልከው እርሳቸው ቀሩ። ሐዲዱ የተያዘበትን ቡሎን ሌሊት ሌሊት እየፈቱ ከማሽላ ጉድጓዳቸው ውስጥ ቀበሩት። ሰላም ሲሆን አውጥተው ዘይት ቀብተው አንድ በአንድ መልሰው አሰሩት። ለምን ይህን ያህል ይደክማሉ ሲባሉ «ባቡሩ ሲመጣ ያስፈልጋል» አሉ።

ሠሪዎቹ ሲሄዱ ግን አንድ ነገር ትተው ነበር። ከአቶ አበባው ቤት አጠገብ፣ ከቁልቁለቱ አናት ላይ፣ እስከ ግማሹ ጠጠር የተጫነ አንድ ፉርጎ ቆሞ ቀርቷል። ፍሬኑ ብረት ነውና በጦርነቱ ጊዜ ማን እንደሆነ ያልታወቀ ሰው ፈትቶ ወስዶታል። አቶ አበባው ከወንዝ አራት ትልልቅ ጥቁር ድንጋዮች በበሬ አስጎትተው አመጡ። ሁለቱን ከቁልቁለቱ በኩል፣ ሁለቱን ከዳገቱ በኩል ከፉርጎው ጎማዎች ሥር ወተፉ። ከሩቅ እንዲታዩም አንድ አንድ ገጻቸውን ኖራ ቀቡ። ከዚያ ወዲያ በየማለዳው ጎሽ ሜዳ የምትነቃው በእርሳቸው ድምፅ ነበር። «ድንጋይ አንድ፣ ደህና! ድንጋይ ሁለት፣ ደህና!» እስከ አራት።

ሐዲዱ ደልዳላ ነው፤ አገሩ ደግሞ ተዳፋት ነው። ባቡር ባልመጣበት ላይ ሰው በርበሬ አሰጣበት፣ በግ አሳረፈበት፣ ማሽላ ወቃበት። አቶ አበባው ስምንት ዓመት ሙሉ በቀን ሁለት ጊዜ ሐዲዱን ከዳር እስከ ዳር ይሄዱና፣ ጣታቸውን ቀስረው «ሰው፣ ሐዲድ ላይ!» ይሉ ነበር። የሚወቃውም ዱላውን ሳያስቀምጥ «ባቡሩ የት ደርሷል አያ አበባው?» ይላል። እርሳቸውም «መንገድ ላይ ነው፤ ተነሥ» ይላሉ። ነገሩ መርሳ ድረስ ተረት ሆነ። የቀጠረውን አስቀምጦ የቀረ ሰው «የአያ አበባው ባቡር» ይባል ጀመር። እርሳቸው ይህን ሰምተው ይስቁ ነበር፤ መጮኹን ግን አልተዉም።

አሁን ወደ ሠርጉ ዋዜማ፣ ወደ ቅዳሜ ጥር 16 ቀን ደረስን። 

ቅዳሜ ማለዳ አቶ አበባው እንደ ልማዳቸው አራቱን ድንጋዮች ጠሩ፤ አራቱም ነበሩ። ከዚያ አዲሱን ኩታቸውን ለብሰው፣ ልጃቸው ሮቤል ከወልድያ ያመጣላቸውን ጫማ አድርገው እንግዳ መቀበል ያዙ። በጓሮ የክርስቲያኑ ምድጃ ነደደ። ከሐዲዱ ዳር ባለው ደልዳላ ላይ ደግሞ የወይዘሮ ሀስና ምድጃ ተጎለተ። ወይዘሮ ሀስና ከማሳ የተለቀሙ ሦስት ድንጋዮች ጎልተው ትልቁን ድስት ጣዱ። እሳቱ ሲበረታ አንደኛው ድንጋይ ፈነዳ፤ ድስቱ ተዘነበለ። ሌላ ተፈለገ፤ እሱም ፈነዳ። የማሳ ድንጋይ እንዲህ ነው፣ እሳት አይችልም። ሰዓቱ እየሄደ ነው። የክርስቲያኑ ወጥ ሊወጣ ሲል የሙስሊሙ ገና አልተጣደም። ይህ በእኛ አገር ቀላል ነገር አይደለም። ባለ ድግሱ አንዱን እንግዳ አስቀድሞ ሌላውን አስጠበቀ ከተባለ፣ ነገሩ የልጅ ልጅ ድረስ ይወራል።

ያን ጊዜ የፉርጎውን ድንጋዮች ያነሡት ወይዘሮ ወርቅነሽ ናቸው። ባለቤታቸው ናቸው። ከእህታቸው ከወይዘሮ በላይነሽ ጋር ሆነው፣ ዱላ እያስገቡ ከአራቱ ሦስቱን ፈንቅለው አንከባለሏቸው። ከዳገቱ በኩል የቀረችውን አንዷን ተዉ። ፉርጎው ስምንት ዓመት ንቅንቅ ብሎ አያውቅም፤ ከሐዲዱ ጋር በዝገት የተጣበቀ መስሏቸው ነበር። ማታ ወጡ ሲወርድ እንመልሳቸዋለን፣ እሱ ነገ ማለዳ ሲጠራ አራቱም ይገኛሉ ብለው ነበር። ኖራው እንዳይታይም ወደ ውስጥ አዞሯቸው። ወይዘሮ ሀስና በዚያን ጊዜ ጀርባቸውን ሰጥተው ሽንኩርት ይከትፉ ነበር። ዞር ሲሉ ድንጋዮቹን አይተው «ወርቄ፣ ይኸን የመሰለ ጉልቻ ከየት አገኘሽ?» አሉ። ወይዘሮ ወርቅነሽም «ከወንዝ ነው፤ አብሽሪ፣ እሳቱን አያይዢ» አሉ።

ከወንዝ መሆኑስ እውነት ነበር።

ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ አራት ወጣቶች ድምፁ መርሳ ድረስ ይሰማ ብለው ይኸንኑ ማጉያ ሊሰቅሉ ፉርጎው ላይ ወጡ። ከላይ ሆነው ሲጓተቱ ፉርጎው ሲጥ አለ። አቶ አበባው ከዳሱ ውስጥ ነበሩ። የሚጨብጡትን እጅ ለቀው ወጡ። ጣታቸውን ወደ ጎማው ቀሰሩና «ድንጋይ…» አሉ።  አጠገባቸው የነበሩት፣ ጥሎሽ ይዘው የመጡት የሙሽራው አባት እንደሚሉት ጣታቸው እንደተቀሰረ፣ አፋቸው እንደተከፈተ ቀረ። ፉርጎው ተነሣ።

ወጣቶቹ ዘለው ወረዱ። ፉርጎው መጀመሪያ በሰው እርምጃ ነበር የሚሄደው። ከቁልቁለቱ ግርጌ፣ ሐዲዱ ላይ ሸራ አንጥፈው፣ አቶ ኡበይደላ ከነቤተሰባቸውና ከነደቦኛቸው አሥራ አንድ ሰው ሆነው ማሽላ ይወቁ ነበር። አቶ አበባው ከፉርጎው ቀድመው ሮጡ። እየሮጡም «ሰው፣ ሐዲድ ላይ! ሰው፣ ሐዲድ ላይ!» አሉ።

ቀና ያለ ሰው አልነበረም። አቶ ኡበይደላ ይህን ለሶስና ሲነግሯት መሬት መሬት እያዩ ነው። «ወላሂ ሰማነው። በየቀኑ የሚለውን ነው ያለው። እንዲያውም አንዱ ልጅ ‹ባቡሩ የት ደርሷል?› ብሎ መለሰለት፤ ሁላችንም ሳቅን» አሉ። እንግዲህ ይህን ሰምቶ ያልደነገጠ ጆሮ ካለ የማን እንደሆነ አናውቅም። ስምንት ዓመት ያስጠነቀቀ ሰው እውነቱ በደረሰ ሰዓት ስለለመዱት ብቻ አልተሰማም።

አቶ አበባው ሰዎቹ እንዳልተነሡ ሲያዩ ቆሙ። ከሐዲዱ ዳር አንድ ድንጋይ አንሥተው ከጎማው ፊት ጣሉ፤ ጎማው ፈጨው። ሁለተኛውን በሁለት እጃቸው ተሸክመው፣ ጎንበስ ብለው፣ ራሳቸው ከሐዲዱ ላይ አስቀመጡት። ጎማው ወጣበት፣ ፉርጎውም ከሐዲዱ ወጥቶ በጎኑ ወደቀ። ከአቶ ኡበይደላ ሸራ ሃያ እርምጃ ቀርቶት ነበር። ከአሥራ አንዱ ሰው የአንዱም ጣት አልተነካም። ጠጠሩ ግን አቶ አበባው ላይ ፈሰሰ።

ጠጠሩን በእጃቸው ጭረው ያወጧቸው አቶ አብዱልሐሊም ናቸው። ጥፍራቸው እስኪነቀል ድረስ ነው የጫሩት። በአልጋ ተሸክመው እስከ አስፋልቱ ያደረሷቸውም እርሳቸውና ሁለት ወንድ ልጆቻቸው፣ እንዲሁም ሮቤልና ከአባቱ ጋር የመጣው የዮርዳኖስ እጮኛ አዳነ ናቸው። አዳነ ወልድያ በመካኒክነት የሚሠራ ነው፤ ለሠርጉ አበባ የታሰረለትን መኪና ከነአበባው ይዞ አማቱን ሆስፒታል አደረሰ። ልብ በሉ፤ መንገድ ላይ ያያቸው ሰው ሁሉ እልል ይል ነበር።

አቶ አበባው ወልድያ ሆስፒታል ገብተው ከፍተኛ ሕክምና ሲደረግላቸው ቆየ። እሑድ ቀትር ላይ ነፍሳቸውን አወቁ። መጀመሪያ የጠየቁት «ሰዎቹስ?» ብለው ነው። ሁሉም ደህና ናቸው ተባሉ። ጣታቸውን ለማንሣት ሞከሩ፤ አልሆነላቸውም፤ በአፋቸው ብቻ «ደህና» አሉ። ከዚያ ልጆቻቸውን አስጠርተው «ድንጋዮቹን ማን አነሣ ብላችሁ እንዳትጠይቁ። የጠየቀ ልጄ አይደለም» አሉ። ያውቁ ነበር ወይ? ሶስና ያውቁ ነበር ትላለች። በቤታቸው ውስጥ ለድስት ሲሉ ዓለምን የሚያናውጡ አንዲት ሴት እንዳሉ ሠላሳ ሦስት ዓመት ያውቃሉ። ማክሰኞ ጥር 19 ቀን 2018 ዓ.ም. ከጠዋቱ በአራት ሰዓት፣ በተወለዱ በ61 ዓመታቸው ከዚህ ዓለም በሞት ተለዩ።

ቤተሰቡ ቃላቸውን ጠበቀ፤ ማንም ማንንም አልጠየቀም። ነገር ግን ዝምታ ባዶ ቦታ ነው፤ ወሬ ይገባበታል። ቅዳሜ ማምሻውን ሰዎች የወይዘሮ ሀስናን ድስት ሲያወርዱ ኖራ የተቀቡትን ድንጋዮች አዩ። ሌላ ማስረጃ አላስፈለጋቸውም። ድንጋዩ በእሷ ድስት ሥር ተገኘ፣ በቃ። እሑድ መርሳ ላይ ስማቸው ተነሣ። ሰኞ ወፍጮ ቤት እህላቸውን ሳያስፈጩ ተመለሱ። አንዳንዱማ ሃይማኖታቸውን ጨምሮ መናገር ጀመረ። በአንድ ጉድጓድ ውኃ፣ በአንድ ቅሬ የኖረ አገር በሦስት ድንጋይ ሊለያይ ምን ቀረው?

ማክሰኞ ሶስና እውነቱን ሳትጠይቅ ከአክስቷ ከወይዘሮ በላይነሽ ሰምታ፣ ሄዳ በራቸውን አንኳኳች። ወይዘሮ ሀስና ከፈቱላት፤ አቅፈዋትም አለቀሱ። «እናቴ መሆኗን ቅዳሜውኑ አውቀሻል አይደል እትዬ? ለምን አልተናገርሽም?» አለቻቸው። ወይዘሮ ሀስናም «ባሏ ሆስፒታል ተኝቶ ወርቄን ልክሰሳት? እኔ ነኝ ጉልቻ የጎደለኝ። ደግሞ አያ አበባው አትጠይቁ ብሎ የለም? እኔም ሰምቻለሁ ቃሉን። ጎረቤቱ ነኝ። አላህ ያውቀኛል፤ ይበቃኛል» አሉ። ሶስና ይህን ይዛ ስትመለስ ከሐዲዱ ላይ ተቀመጠች፤ ማንም ተነሺ አላላትም።

ይህን ለእናቷ ነገረቻቸው። ወይዘሮ ወርቅነሽ ከቅዳሜ ጀምሮ እህል አልቀመሱም ነበር። ሰምተው ሲያበቁ «ጻፊው» አሉ። ሮቤል ተቃወመ። በአባታችን ቀብር ላይ እናታችንን በአደባባይ እናዋርድ ወይ፣ ደግሞ የአባታችን ኑዛዜ ነው አለ። ያለውም ከፍቅር ነው፤ አይፈረድበትም። ሦስት ጊዜ ተጽፎ ሦስት ጊዜ ተሰረዘ። በመጨረሻ ወይዘሮ ወርቅነሽ ተነሥተው ቆሙና «እኔ ባሌን ቀብሬ እኖራለሁ። ሀስናን በቁሟ ቀብሬ ግን አልኖርም» አሉ። አራተኛው አልተሰረዘም፤ አሁን የምትሰሙት እሱ ነው። አቶ አበባው ቢሰሙ ይቆጡ ነበር። ይቆጡ። ስምንት ዓመት ሙሉ ያየኸውን ጮኸህ ተናገር ሲሉን የኖሩት እርሳቸው ናቸው።

አቶ አበባው ሥራ ወዳድ፣ ቀልድ አዋቂ፣ ለቤተ ክርስቲያናቸው ታዛዥ፣ ለቅሬያቸው ቀዳሚ፣ ነገር ሲበላሽ ተናጋሪ፣ ሲስተካከልም ተናጋሪ ሰው ነበሩ። የሚጠብቁት ባቡር ሳይመጣ አልፈዋል። ሐዲዱን ማን እንደሚጠብቀው ቤተሰቡ አያውቅም፤ አሁን ይህን የሚያስብ ጭንቅላት የለውም።

ከእርሳቸው በሕይወት የተረፉት ባለቤታቸው ወይዘሮ ወርቅነሽ ተፈራ፣ ልጆቻቸው ሶስና፣ ሮቤልና ዮርዳኖስ፣ ሁለት የልጅ ልጆች፣ ልጃቸውን ሊያገባ አንድ ቀን ቀርቶት የነበረው አዳነ፣ እንዲሁም ለሠላሳ ሦስት ዓመት የድግሳቸውን ግማሽ የሠሩት ጎረቤታቸው ወይዘሮ ሀስናና ባለቤታቸው አቶ አብዱልሐሊም ናቸው።

ለአንባቢው፦ እዚህ ላይ አቁም። ወይዘሮ ወርቅነሽ አሁን ከቤተሰቡ ተነሥተው፣ በዚህ ሁሉ ሕዝብ ፊት አልፈው፣ ወደ ወይዘሮ ሀስና ቤት ይሄዳሉ። ማንም አይከተላቸው፤ ማንም አይደግፋቸው። የቅሬው ሰዎች ሬሳውን እንዳታነሡ። ሁለቱ አብረው ተመልሰው፣ ወይዘሮ ሀስና ከሬሳው ራስጌ፣ ከወይዘሮ ወርቅነሽ ጎን እስኪቀመጡ ድረስ የሚቀጥለው አይነበብም። ቢመሽም ይጠበቃል።

አሥራ አንድ ነፍስ ያተረፈ አምላክ የአገልጋዩን የአበባውን ነፍስ ከወዳጆቹ ጋር ያሳርፍልን። ለተደናገጠው ቤት ልብ ይስጥ። በሐሰት ለተነሣው ስም ካሣ፣ በሐሰት ላነሣው አፍ ምሕረት ይስጥ። አሜን የምትሉ አሜን፣ አሚን የምትሉ አሚን በሉ፤ ከዚያ አብራችሁ አንሡት።